የወፍጮ ቤታችን መደብ

ልጆቹ ንገሪን ካሉኝ ሰነበቱ። ሰሞኑን እዚህ ካምፓላ ደመናው ከሐይቁ በኩል ሲጠቁር፣ እኛም እንደ ልማዳችን ከወፍጮ ቤቱ ፊት ያለውን ቦይ ስንጠርግና አሸዋ በማዳበሪያ ስንሞላ፣ የልጅ ልጆቼ አካፋቸውን ተደግፈው ወደ ውስጥ እያዩ፣ «እምዬ፣ ቆይ፣ ይሄ ወፍጮ ለምንድን ነው ዙፋን ላይ የወጣው? የሰው ወፍጮ ሁሉ መሬት ላይ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ልነግራቸው ጀመርኩና ወሬዬ ወደ ሌላ ሄደ፤ ከሌላውም ወደ ሌላ። ዋንዴገያ ሰፈር ሆስቴል ሆና የምትማረው ታላቂቱ፣ «አንቺ ስታወሪኮ መነሻሽ እንጂ መድረሻሽ አይታወቅም። ጻፊውና እናንብበው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እግሬም አፌም መዞር ይወዳል። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ልጅ አዝዬ ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው፤ የተንሻፈፈውን እናንተ አቃኑት።

ካምፓላ የመጣሁት ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ሳይሞላው ነው። ልጄ፣ «እማዬ፣ ባዶ ቤት ከግድግዳ ጋር ስታወሪ አትኖሪም» ብላ አመጣችኝ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር እንደለበስኩ መጣሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ ሌላ የነበረው በመስታወት የተሠራው የባለቤቴ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶው ላይ የተቆጣ ይመስላል። የተቆጣ ሰው አልነበረም፤ ያን ጊዜ ፎቶ ሲነሱ አይሳቅም ነበር፣ እሱ ደግሞ የተባለውን የሚፈጽም ሰው ነው።

ልጄና ባሏ ያን ሰሞን ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ጥግ፣ ከትልቁ ቦይ አጠገብ፣ አንድ ክፍል ተከራይተው ወፍጮ ተክለው ነበር። ለሐበሻው ሽሮና በርበሬ፣ ለሰፈሩ ሰው ደግሞ ለፖሾ የሚሆን በቆሎ ይፈጫሉ። ፖሾ እንደ ገንፎ ጠንከር ተደርጎ የሚሠራ የነሱ የዕለት ምግብ ነው። በርበሬው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነበር የሚፈጨው። ይሄ ሥርዓት የመጣው አንዲት ሴትዮ ከበርበሬ በኋላ በቆሎዋን አስፈጭታ ሄዳ፣ በማግስቱ ቤተሰቡን በሙሉ እያስነጠሰች ከተመለሰች ወዲህ ነው። ልጄ ይቅርታ ጠይቃ ሌላ ዱቄት ሰጠቻት። ሴትዮዋም ቀዩንም አልመልስም አለች፤ ባሏ ወዶታል።

ይኸው፣ ዞርኩ። ወደ ወፍጮው።

የወፍጮው ሞተር የቤቱ ነፍስ ነበር። አማቼ፣ ማለት የልጄ ባል፣ እዚህ አገር በስደት ከገባ ጀምሮ ሰው ቤት ሠርቶ፣ ጋራዥ ሠርቶ፣ ተሸክሞ ያገኘው ሁሉ ተሰብስቦ ያ ሞተር ሆኗል። ክፍሉም እንደዚያው ነው። የወፍጮ ሞተር የሚያዞር ትልቁ የመብራት መስመር የገባበት፣ እነሱ የሚችሉት ክፍል እሱ ብቻ ነበር። ልጄ ገና በመጣሁ ሰሞን ነገረችኝ፤ «እማዬ፣ ይቺ ወፍጮ ከዚህ ክፍል ከወጣች ወይም ይሄ ሞተር ከተቃጠለ፣ እኛ አለቀልን።» ይህንን ያለችው በቆሎ እየጨመረች፣ ዱቄት ሽፋሽፍቷ ላይ እንዳለ ነው።

እኔ ታዲያ መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ያየሁት ሞተሩን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። ከቀለሙ ላይ፣ ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ፣ ክፍሉን ዙሪያውን የከበበ ቡኒ መስመር አለ። ሰው በገመድ ለክቶ የቀባው ይመስላል። ሞተሩ ደግሞ መሬት ላይ በቡሎን ታስሮ ተቀምጧል፤ መስመሩ ከአናቱ በላይ ነው።

ደጃችን ላይ ከሰል የምትሸጥ የአገሬው ሴት ነበረች፤ ደልደል ያለች፣ ሳቋ ከቦዩ ማዶ የሚሰማ። ጃጃ ትለኛለች፤ በነሱ አያት ማለት ነው። መስመሩን በጣቴ አሳየኋት። መዳፏን እዚያው መስመሩ ላይ አሳርፋ ግድግዳውን በሙሉ እየደባበሰች ሄደችና ልጄን አንድ ነገር አለቻት። ልጄ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አላማረኝም።

«ምን አለች?»

«ውሃው የቤቱ ልጅ ነው፣ እናንተ ናችሁ እንግዶቹ አለች።»

ያን ጊዜ ሰኔ ገብቷል። እስቲ ሐበሻ የሆነ ሰው ይፍረደኝ፣ ሰኔ ከገባ ምን ይመጣል? ቤቱ የሚከደነው፣ ማገዶው የሚገባው፣ ቦዩ የሚቀደደው መቼ ነው? ክረምት ደጅ ላይ ቆሞ ሞተር መሬት ላይ ያስቀምጣሉ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አማቼን ያዝኩት።

«አንተ ልጅ፣ ክረምቱ ገባኮ።»

«እማማ፣ እዚህ አገር ወቅት የሚባል የለም። ሲፈልገው ይዘንባል፣ ሲፈልገው ይተዋል። አይጨነቁ።»

እሱም ከስንፍና አልነበረም። እዚህ ከመጣ ጀምሮ የኖረው ሐበሻው በሚበዛበት ሰፈር፣ ካባላጋላ ሽቅብ፣ ፎቅ ላይ ነው። ለፎቅ ሰው ዝናብ ማለት መስኮት የሚያዘጋ ነገር ነው። የት እንደሚሄድ አይቶት አያውቅም።

«እሺ፣ ወቅት ከሌለውስ ነገም ሊመጣ ይችላል ማለት አይደል?» አልኩት።

መፍትሔውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አዲስ ነገር ግን አልፈጠርኩም። ተወልጄ ያደግኩበት ቤት ግድግዳውን ተከትሎ መደብ ነበረው። እንግዳ ይቀመጥበታል፣ ልጅ ይተኛበታል፣ እህል ይደረደርበታል። ባለቤቴም ከተማ ገብተን ቤት ስንሠራ፣ ሰው ሁሉ ሶፋ ሲያስገባ፣ እሱ በእጁ መደብ ሠራ። «ሶፋ ጎርፍ ሲመጣ ይንሳፈፋል፣ መደብ የትም አይሄድም» ይል ነበር። ቤታችን ጎርፍ ገብቶ አያውቅም፤ እንዲያው መመካት ነበር። እና እኔ፣ ወፍጮውም ሞተሩም መደብ ላይ ይውጡ አልኩ።

ልጄ ሐሳቡን ወደደችው። አማቼ ግን ጭቃ ብዬ ስጀምር እጁን አርገበገበ።

«ጭቃ? እማማ፣ ጭቃ ውሃ ሲነካው ሽሮ ነው የሚሆነው! ሞተሬን ሽሮ ላይ ላስቀምጥ?»

«ታዲያ አንተ በምትለው ሥራው።»

«ሲሚንቶ ነዋ። ከሥሩ ድንጋይ፣ ከላዩ ሲሚንቶ።»

ድንጋዩ የእኔ ድርሻ ሆነ። እኔ እንደሆንኩ ቤት አልቀመጥም። ጠዋት ጠዋት የባቡሩን ሐዲድ ይዤ እሄዳለሁ፤ ከሄድኩበት ደግሞ ባዶ እጄን አልመለስም። በጥቁር ነጠላዬ አንድ ሁለት ድንጋይ ቋጥሬ እመጣለሁ። የፈረሰ ግንብ ሳይ የጡብ ስባሪ እለቅማለሁ። ቦዳ ቦዳ የሚነዱት ልጆች ሞተር ብስክሌታቸውን አቁመው ሳልፍ ያዩኛል፣ ኮፍያቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ አንዳንዴም ድንጋዬን ተቀብለው እስከ ደጅ ያደርሱልኛል። ሰንቴ የሚሉትን ገንዘባቸውን ብሰጣቸው ሊቀበሉኝ አይፈልጉም። እንዴት ያለ ሰው አክባሪ አገር ነው እል ነበር።

አማቼ ድንጋዩን ደረደረ፣ ሲሚንቶውን ራሱ አቦክቶ ገነባው፣ ከላዩም እንደ መስታወት ለሰነው። ከጀርባ ግድግዳው ተጠግቶ ሰው የሚያስተኛ፣ ከጉልበት ከፍ ያለ፣ ረዥም መደብ ወጣው። ከዚያ የጋራዥ ጓደኞቹን ጠርቶ ወፍጮውንም ሞተሩንም አንድ ዳር ላይ አወጧቸው፤ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ቺንጋ በትክክል እንዲዞር አስተካከሉ። በቀረው ቦታ ላይ የእህሉ ጆንያ ተቀመጠ። ሞተሩ ሥራ ሲያቆም አቧራ እንዳይገባው ነጭ አንሶላ አለበስኩት። የባለቤቴን ፎቶ ደግሞ ከመደቡ በላይ ሰቀልኩት። ከግድግዳው ሁሉ ደረቁ ቦታ እዚያ ነበር። መደብ ያስተማረኝም እሱ ነው፤ ይየው አልኩ።

በሩ ላይ ያለውን ደፍ ግን እኔው በገዛ እጄ፣ በጡብና በጭቃ ሠራሁት። ዋ! የገባው ሁሉ ይደናቀፋል። ልጄ ከእነ ዱቄቷ ተደናቅፋለች። ከሰል ሻጯ ተደናቅፋ እኔን ሳይሆን ደፉን ሰደበችው።

በቆሎ በራሳቸው ተሸክመው የሚመጡት ሴቶች ግን አዲሱን አሠራር ወደዱት። የወፍጮው አፍ ከፍ ስላለ ሳህኑን ከራሳቸው ወደዚያው ነው የሚገለብጡት፤ ማጎንበስ ቀረላቸው። ሲገቡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከደጅ እየተንጫጩ መጥተው ደፉን ሲሻገሩ ዝም። ሳህናቸውን መደቡ ላይ ከማሳረፍ ይልቅ መሬት ያስቀምጡታል። ጨዋነታቸው ደስ አለኝ፤ ወፍጮ ቤት ሲገቡ ዝም የሚሉ ሴቶች በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ክረምቱን ተዘጋጅተን ጠበቅነው። ሰኔ አለቀ፣ አልመጣም። ሐምሌ ገባ፣ አቧራ። ከመኪናው መንገድ የሚነሳው ቀይ አፈር ዱቄቱን እንዳያቀላብን በር ዘግተን መፍጨት ጀመርን። ሐምሌ ቢያባራ በጋ ይመስላል ይባል የለ? እኔም ይመስላል እንጂ አይደለም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። አማቼ አፉን አልያዘልኝም። ጠዋት ሲወጣ ሰማዩን አንጋጦ ያያል፤

«እማማ፣ ክረምትዎ የት ደረሰ?»

«ይመጣል።»

«ድንበር ላይ ቪዛ ከልክለውት ይሆናላ!»

ፍልሰታ ገባች፣ ጾሙ ሽሮ አስፈላጊ አደረገና ሥራው በዛ። አንድ ቀን እንኳ አንድ ጠብታ በደፌ ላይ አልወረደችም። ከሰል ሻጯም በልጄ አፍ እየላከች ታፌዝብኛለች፤ «ጃጃ ዝናቧን አገሯ ረስታው መጥታለች፣ ሄዳ ታምጣው።»

መስከረም ሲጠባ ታዲያ፣ ካፊያ ጀመረ። ከሰዓት ከሰዓት ትንሽ ያንጠባጥባል፣ ያባራል። አየሩ ቀዝቀዝ አለ። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? በአገራችን ክረምት ሲወጣ ሲሰናበት እንዲህ ያካፋል አይደል? «አለፈልን! ይሄ የስንብት ዝናብ ነው» አልኩ። መስቀል ሲውልማ ጨርሼ አመንኩ። ከመስቀል በኋላ ምን ክረምት አለ? መጀመሪያውን መጨረሻ ብዬው አረፍኩ። አማቼን ጠራሁት፤

«በል ልጄ፣ ክረምቱ ወጥቷል። ሰው ሁሉ በኔ ደፍ እግሩን መታ። አፍርሰው። ሞተሩንም ካሻህ አውርደው፤ እንደ ድሮው ይሁን።»

ደስ አለው። እውነቱን ለመናገር ሞተሩ ከፍ ማለቱ ቺንጋ ሲበጠስ ለመቀየር አስቸግሮት ነበር። ቅዳሜ መዶሻ ይዞ መጣ። ደፌ ሁለት ሦስቴ ሲመታ ፈረሰ፤ ጭቃ አይደል። ከዚያ መደቡን ሊሰብር ዞረ፤ ሞተሩ ሳይወርድ በፊት ባዶውን ጫፍ ልሞክረው አለ። ከሰል ሻጯ በበሩ ቆማ ነበር። መዶሻውን ሲያነሳ አይታ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና፣ «ባምቢ! ባምቢ!» ብላ ጮኸች። የአዘኔታ ቃላቸው ነው። ለሲሚንቶው አዝና መሰለኝ።

መዶሻው ነጠረ። ደገመው፤ ነጠረ። ሲሚንቶው ላይ የዝንብ እግር የሚያህል ጭረት አልታየም። አሁንም ሲሰነዝር የመዶሻው እጀታ ለሁለት ተሰንጥቆ ብረቱ ከሽሮው ጆንያ ሥር ገባ።

«የራስህ ሥራ አሸነፈህ?» አለችው ልጄ፣ አፏን በሻሿ ሸፍና።

«እንዲህ አጠንክሬ መሥራቴን ማን ነገረኝ!» አለ እየተናደደም እየኮራም። «ቆይ፣ ከጋራዥ ድጅኖ አመጣለታለሁ።»

ድጅኖው ሳይመጣ ዝናቡ መጣ።

ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ከምሳ በኋላ፣ ጠራራ ፀሐይ ነበር። አማቼ ሽሮ ሊያደርስ በቦዳ ካባላጋላ ሄዷል። እኔ ከደጅ ከከሰል ሻጯ ጋር ተቀምጬ በቆሎ እፈለፍላለሁ፤ ልጄ ጀርባዋ ላይ ሕፃን ላዘለች ሴት እየፈጨች ነው። ሰማዩ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቆረ። ከሰል ሻጯ ቀና አለችና ያለወትሮዋ ሳትስቅ ማዳበሪያዎቿን መጎተት ጀመረች። ከዚያ በኋላ የሆነው ዝናብ አይባልም። ሰማይ ተገለበጠ። ከናጉሩ ኮረብታ፣ ከሌሎቹም ኮረብታዎች የወረደው ሁሉ ወደኛ ወደ ረባዳው መጣ፤ ቦዩ ጠጥቶ ጠጥቶ ጠገበና መልሶ አስታወከን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ያኛው ግን ሊያሳስቀን አልደከመም። ደፋችን ፈርሶ የለም፤ ውሃው እንደ ቤቱ ልጅ ቀጥ ብሎ ገባ።

ልጄ ሮጣ መብራቱን አጠፋች። ወፍጮው እያጓራ ቆመ። ያን ጊዜ ዝናቡ ብቻ ተሰማ። እኔ ያቺን ባለ ሕፃን ሴት እጇን ይዤ መደቡ ላይ አወጣኋት፣ ቀጥዬ ወጣሁ፣ ልጄም ወጣች። ከሰል ሻጯ ግን ዶሮዋን በብብቷ ይዛ ውሃው መሀል ቆመች። ቁርጭምጭሚቷን አልፏል።

«ነይ! ነይ እንጂ!» አልኳት በአማርኛ፤ በዚያ ሰዓት ቋንቋ ማን ይመርጣል?

መደቡን አየች። ፎቶውን አየች። ከዚያ እዚያው ውሃው ውስጥ ጎንበስ ብላ፣ ለባለቤቴ ፎቶ ለስለስ ያለ ነገር ተናገረች፤ ፈቃድ የምትጠይቅ ትመስላለች። ከዚያ በኋላ ነው የወጣችው፤ የወጣችውም በጫፉ በኩል፣ ቀስ ብላ ነው። ሰው ቤት ሲገቡ አባወራውን ሰላም ማለት የትም ያለ ነው፤ ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው ብዬ በልቤ መረቅኋት።

ተደርድረን ተቀመጥን፤ እግራችንን ሰብስበን፣ ጀርባችንን ግድግዳ አስደግፈን። ልክ አገር ቤት ለልቅሶ ወይም ለሰርግ መደብ ላይ እንደምንደረደረው። ሕፃኑ ተኛ። ዶሮዋ የሽሮው ጆንያ ላይ ወጥታ አረፈች። እኛ ግን ሁላችንም የምናየው አንድ ነገር ነበር፤ ውሃውንና የሞተሩን እግር። ውሃው ግድግዳው ላይ ያለውን ቡኒ መስመር ነካ። አለፈው። ልጄ እጄን ያዘች፤ ጥፍሯ እስኪሰማኝ።

«እማዬ፣ እየመጣ ነው።»

«ዝም በይ። አትጥሪው።»

ባለ ሕፃኗ ሴት ይሄኔ የማናውቀውን መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረች። ከሰል ሻጯ ተቀበለቻት። እኔም ዜማውን ይዤ በአፌ እመቤቴን እጠራለሁ። የማን ጸሎት እንደቀደመ አላውቅም፤ ውሃው ከመደቡ አፍ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ቆሞ አሰበ። ዝናቡ ሳሳ። ቆይቶ ከሲሚንቶው ላይ አንድ ቀጭን የረጠበ ጠርዝ ታየ፤ ውሃው መውረድ ጀምሯል። ልጄ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጣለችና አለቀሰች፤ እያለቀሰች ደግሞ ትስቃለች። ከሰል ሻጯ ጭኔን በመዳፏ ጠፍ አድርጋ፣ «ጃጃ! ጃጃ!» ትለኛለች፤ ከዚያ በላይ የምንግባባበት ቃል አልነበረንም፤ አላስፈለገንምም።

አማቼ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ በውሃው እየቀዘፈ ደረሰ። በሩ ላይ ቆመ። እኛን አላየንም፤ ዓይኑ ቀጥታ ሞተሩ ላይ ሄደ። ነጩ አንሶላ ደርቆ እንደተቀመጠ አየ። በሩን ተደገፈ። ከዚያ ወደኔ ዞረና፣

«እማማ፣ ክረምትዎ ቪዛውን አገኘ።»

«አንተስ ድጅኖህን አገኘህ?» አልኩት።

እንዲህ ስቄ አላውቅም። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ እንደዚያ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጭቃውን ጠርገን፣ የመብራት ሠራተኛ አምጥተን መስመሩን አስፈትሸን፣ በሳምንቱ ወፍጮው ተነሳ። አሁን እኛም የሰፈሩ ክረምት መቼ እንደሆነ አወቅን። አንዱ ዐቢይ ጾም ገብቶ እስከ ግንቦት፣ አንዱ እኛ መስቀል ብለን በጋ ገባ ስንል። ደፉን አማቼ በሲሚንቶ መልሶ ሠራው፤ በዚያ የተደናቀፈ ሰው ሁሉ እየተመረቀ ያልፋል።

የቀረው ፍርሃት አከራዩ ነበር። ናጉሩ የሚኖር ሽማግሌ ነው። ከጎርፉ በኋላ ክፍሎቹን በሙሉ አንድ ዕቃ የሚያከማች ነጋዴ ሊጠቀልላቸው ይፈልጋል ተባለ። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ልቀቁ ተባሉ፣ ለቀቁ። ልጄ እህል መብላት ተወች፤ ሞተሩ ከውሃ ተርፎ በሰው ሊሄድ ነው። አንድ ቀን ሽማግሌው በኛ በር መጣ። አልገባም። ባርኔጣውን አውልቆ ደፉ ላይ ቆመ፣ መደቡን አየ፣ ፎቶውን አየ፣ ጥቁር የለበስኩትን እኔን አየ። ልጄን፣ «ደህና ናችሁ?» ብሎ ጠየቃትና ሄደ። ነገ ይነግረናል አልን፣ አልነገረንም። ከነገ ወዲያ አልን። ዓመት ሄደ። በየጊዜው ክፍሉን ሊያዩ የሚመጡ ነበሩ፤ ከደጅ ከከሰል ሻጯ ጋር ትንሽ አውርተው ሳይገቡ ይመለሳሉ። ጥቁሬን አወለቅኩ፣ የልጅ ልጆቼ ተወለዱ፣ አደጉ። እኛ ከዚያ ክፍል ሳንነቃነቅ አለን። ጸሎቴ ተሰማ አልኩ፤ አሁንም ተሰምቷል እላለሁ።

ከሰል ሻጯ አርጅታ ገጠር ልጇ ጋ ከገባች በኋላ፣ ከልጄ ጋር ስኳርና ሳሙና፣ ከወፍጯችን ዱቄት ይዘን ልንጠይቃት ሄድን። ማቶኬ የሚሉትን ጥሬ ሙዛቸውን ቀቅላ ጠበቀችን። ከበላን በኋላ የሙዝ ተክሏን ልታሳየን ወጣን፤ እኔ መንገዱ አድክሞኛል፣ መቀመጫ አማትራለሁ። ከሙዙ ጥግ ምን ባይ ጥሩ ነው? መደብ! ሲሚንቶ የተለሰነ፣ ረዥም፣ ዝቅ ያለ፣ ልክ የኛን የመሰለ፤ እንዲያውም ሁለት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። «ውይ፣ እናንተም አላችሁ!» ብዬ ልቀመጥ ጎንበስ ስል ሴትዮዋ ያንን የድሮውን «ባምቢ!» ጮኸችው። ልጄ ብብቴን ይዛ አስነሳችኝ።

መቃብር ነው። እነሱ ዘመዳቸውን የሚቀብሩት በግቢያቸው፣ እንደዚያ አድርገው ነው።

ከዚያ ከሰል ሻጯ ሳቋ እንደ ድሮው ከሙዙ ማዶ እስኪሰማ እየሳቀች ነገረችን፤ ልጄ ደግሞ በሳቅ ትንፋሽ አጥሯት መተርጎም እስኪያቅታት። ጥቁር የለበሰች ባሏ የሞተባት ሴት መጣች። በነጠላዋ ድንጋይ ስትለቅም ሰው ሁሉ አየ። ቤት ውስጥ ረዥም ሲሚንቶ ተሠራ፣ ነጭ ጨርቅ ለበሰ፣ ከላዩ የሟቹ ፎቶ ተሰቀለ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ለአከራዩም ሊያስወጣን በመጣበት ቀን የነገረችው እሷው ናት፤ «ሐበሻዋ ባሏን ይዛ ነው የመጣችው፤ የሰው መቃብር ከሥሩ የሚነቅል ሰው መጨረሻው አያምርም» ብላ። ክፍሉን ሊያዩ ለሚመጡትም ሁሉ ትነግራቸው ነበር።

ባለቤቴ የተቀበረው አዲስ አበባ፣ እኛው ደብር ነው። በሕይወቱ ድንበር ተሻግሮ አያውቅም። ያን ሁሉ ዓመት ግን ካምፓላ ላይ ወፍጯችንን ሲጠብቅ የኖረው እሱ ነበር።